ምሰሶው ከመነሣቱ በፊት

ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ የሚያደንቀው ግድግዳውን፣ መስኮቱንና ጣራውን ነው፤ ምሰሶውን የሚያመሰግን ግን እምብዛም አይገኝም። ምሰሶ የሚታሰበው የዘመመ ዕለት ወይም መንገድ የዘጋ ዕለት ብቻ ነው። እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት የፈጸምሁ እንጂ የግንበኝነት ሙያ ያለኝ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስሕተቶች አንዱ ከአንድ የብረት ምሰሶ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ እናንተ ወጣቶች ከእኔ ስሕተትና ከሌሎች ሰዎች ታሪክ እንድትማሩበት ብዬ ይህን ጻፍሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከአባቴ ቤት ልጀምር። ያደግሁበት ቤት ክብ የሣር ቤት ነበረ። አንድ ክረምት የመካከለኛውን ምሰሶ እግር ምስጥ በላውና ምሰሶው ወደ አንድ ወገን ዘመም አለ። ቤቱን ለቅቀን የምንሄድበት ሌላ ስፍራ አልነበረንም፤ ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይዘንብ ነበር፤ አያቴም ታማ ተኝታ ነበር። ጎረቤቶች ተጠርተው መጡ። እኔ ሕፃን ስለ ነበርሁ አሮጌውን ምሰሶ ወዲያው ነቅለው የሚጥሉት መስሎኝ ነበር፤ እነርሱ ግን አልነኩትም። አስቀድመው አራት ጠንካራ ባላዎች አምጥተው በምሰሶው ዙሪያ ከጣራው እንጨት በታች አቆሙ፤ ሥር ሥሩንም በድንጋይ እየመቱ አጠበቁት። ከዚህ በኋላ አንድ ሽማግሌ አሮጌውን ምሰሶ በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። ሲላላ ባዩ ጊዜ፣ «አሁን ሥራ ፈትቷል፤ አውጡት» አሉ። ምሰሶው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ወጥ ታማስል ነበር። ከጣራው ላይ አንዲት የሣር ቅጠል እንኳ አልወደቀችም።

የሣር ቤቱ ቀርቶ ዛሬ በየከተማው የኮንክሪትና የብረት ሕንጻ ቆሟል፤ ሕጉ ግን ያው የሽማግሌው ሕግ ነው። ይህንንም ለመረዳት የምሰሶውን ሥራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ባለ ፎቅ ቤት አለ እንበል። የምድር ቤቱ ባለቤት ስፍራው ሰፊ አዳራሽ እንዲሆንለት ፈልጎ በመካከል የቆመውን የብረት ምሰሶ ማንሣት ፈለገ። በላይኛው ፎቅ ሰዎች ይኖራሉ፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ ሊወጡም አይችሉም። ይህን ምሰሶ አንሥቶ በእርሱ ፈንታ፣ ከግራና ከቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ላይ የሚያርፍ አግዳሚ ብረት፣ ሠራተኞች «ቢም» የሚሉትን፣ ማጋደም ይቻላል። ሥራው አዲስ ነገር አይደለም፤ በብዙ አገር ተሠርቶ በደኅና ተፈጽሟል። ሆኖም ዐዋቂ መሐንዲስ መቁረጫውን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል።

የመጀመሪያው፣ «ምሰሶው የተሸከመው ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ምሰሶዎቹ በየ6 ሜትሩ የቆሙ ቢሆኑ፣ አንዱ የመካከል ምሰሶ ከእያንዳንዱ ወለል 36 ካሬ ሜትር ያህል ይሸከማል። የወለሉ፣ የግድግዳው፣ የዕቃውና የሰዉ ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር 1 ቶን ቢታሰብና ከበላይ 4 ወለል ቢኖር፣ ያ ዝም ብሎ የቆመ ምሰሶ 144 ቶን ተሸክሟል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ «ይህ ሸክም ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነው። ምሰሶ ሲነሣ ሸክሙ አብሮ አይነሣም፤ ሌላ ተሸካሚ ይፈልጋል። ከላይ ባልነው ምሳሌ ቢሙ 144ቱን ቶን ተቀብሎ ለግራው ምሰሶ 72፣ ለቀኙም 72 ቶን ያስረክባል። እነዚህ ጎረቤቶች ቀድሞ የራሳቸው ሸክም ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ቢሙ ብቻ መጠንከሩ አይበቃም፤ ምሰሶዎቹና ከምድር በታች ያለው መሠረታቸውም ተመርምሮ፣ የማይችል ከሆነ አስቀድሞ መስፋትና መጠናከር አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ይኸውም፣ «ሸክሙ የሚተላለፈው መቼ ነው?» የሚል ነው። ብረት ምንም ቢጠነክር ሸክም ሲያርፍበት ጥቂት ይጎብጣል። ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን፣ በመካከሉ የሚያርፈው ክብደትም ያው ቢሆን፣ ጉብጠቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ቢሙን ከጣራው በታች አስጠግቶ ማስቀመጥ ብቻ ተሸካሚ አያደርገውም። ምሰሶው ገና ቆሞ ሳለ ሸክሙን ሁሉ የያዘው ምሰሶው ነው፤ ቢሙ ተመልካች ነው። በዚህ ሁኔታ ምሰሶው ቢቆረጥ ቢሙ መጉበጥ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ በላዩ ያለው ወለል፣ ግድግዳና በር ሁሉ አብሮት ይወርዳል።

ስለዚህ ባለሙያው እንዲህ ያደርጋል። ወለሉን በጊዜያዊ ድጋፍ ይይዛል። ቢሙን በስፍራው ያስገባል። ከመቁረጫው ስፍራ በላይ በምሰሶው ጎንና ጎን የብረት ትከሻ ያስበይዳል፤ በትከሻውና በቢሙ መካከልም የመኪና ሰዎች የሚያውቁትን ዓይነት፣ ነገር ግን እጅግ የሚበረታ ክሪክ ያገባል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይገፋል። ክሪኩ ወደ ላይ ምሰሶውን ሲደግፍ ወደ ታች ቢሙን ያጎብጠዋል። ቢሙ መጉበጥ ያለበትን ያህል ምሰሶው ሳይቆረጥ አስቀድሞ ይጎብጣል። በየፎቁ ባለው ስንጥቅ ላይ ትንሽ የመስተዋት ቁራጭ በጄሶ ተለጥፋ ትጠበቃለች፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስተዋቷ ትሰበራለችና። በመጨረሻ ምሰሶው ባዶውን መቅረቱ በተረጋገጠ ጊዜ ይቆረጣል። የአባቴ ጎረቤት ቢኖሩ፣ «አሁን ሥራ ፈትቷል» ይሉ ነበር።

ይህን ሕግ ያከበሩና የናቁ ሰዎች ታሪክ ከብዙዎቹ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ።

በኒው ዮርክ ከተማ በ1977 ሲቲኮርፕ ለተባለው ባንክ አንድ ታላቅ ሕንጻ ተሠርቶ ተፈጸመ። ፎቁ 59፣ ቁመቱም 279 ሜትር ያህል ነው። ከስፍራው በአንደኛው ማዕዘን የቅዱስ ጴጥሮስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረና ምእመናኑ መሬቱን የሸጡት አዲስ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ማዕዘን እንዲሠራላቸው ተዋውለው ስለ ሆነ፣ የሕንጻው ምሰሶ በማዕዘኑ ላይ ሊቆም አልቻለም። መሐንዲሱ ዊልያም ለሜዠር አራቱን ታላላቅ ምሰሶዎች በአራቱ ማዕዘን በማቆም ፈንታ በአራቱ ጎን መካከል አቆማቸው። በሰያፍ የተጋደሙ ብረቶች የሕንጻውን ሸክም እየሰበሰቡ ወደነዚህ ምሰሶዎች እንዲያወርዱ አደረገ። ሰው ሁሉ አደነቀው።

በ1978 ግን ስለ ምሰሶዎቹ ስፍራ ከተማሪ ጥያቄ መጣ። መሐንዲሱ ጥያቄውን አልናቀም፤ ስሌቱን እንደ ገና መመርመር ጀመረ። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሳይሆን በማዕዘን በኩል ሲመጣ በአንዳንዶቹ ሰያፍ ብረቶች ላይ ኀይሉ እንደሚበረታ አገኘ። በዚያው ወራት ደግሞ ብረቶቹ የተገናኙት እርሱ መጀመሪያ እንዳሰበው በብየዳ ሳይሆን፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል በብሎን መሆኑን ዐውቆ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሰላ ደነገጠ። በእርሱ ስሌት መሠረት፣ የሕንጻውን ውዝዋዜ የሚያበርደው በጫፉ ላይ ያለው ባለ 400 ቶን መሣሪያ መብራት ተቋርጦበት ቢቆም፣ በአማካይ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ማዕበል ሕንጻውን ሊጥለው ይችል ነበር።

ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ይህ ሐሳብ እንደ መጣበትም በኋላ ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን ሄዶ ለባንኩ ባለቤቶች ስሕተቱን ተናገረ። ሕንጻው በሰው የተሞላ ስለ ሆነ ጥገናው በሌሊት ሆነ። ሠራተኞች ማታ ወደየቤታቸው ሲሄዱ አናጺዎች ግድግዳውን ይከፍታሉ፤ በያጆች እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ጠፍጣፋ በብሎኖቹ ላይ ይበይዳሉ፤ ጽዳት ሠራተኞችም ጢሱንና ትቢያውን ጠርገው ሰው ሳይገባ ይጨርሳሉ። ከ200 በላይ የሆኑ መጋጠሚያዎች እንዲህ ተጠናከሩ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ኤላ የተባለ ማዕበል ወደ ከተማይቱ ሲጠጋ ሁሉም ልባቸው ተሰቅሎ ነበር፤ ማዕበሉ ግን ወደ ባሕር ተመለሰ። ሥራውም በዚያው ዓመት ተፈጸመ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አሮጌው መጋጠሚያ ሳይፈታ አዲሱ ብረት በላዩ ተበየደ፤ ሸክሙ ለአንድ ሌሊት እንኳ ያለ ተሸካሚ አላደረም። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ አንድ የሚነቀፍ ነገርም አለ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ቀን ቀን የሚሠሩት ሰዎች፣ በአካባቢውም የሚኖሩት፣ ምን አደጋ እንደ ነበረ አልተነገራቸውም። በዚያ ጊዜ የኒው ዮርክ ጋዜጦች ሥራ በማቆም ላይ ስለ ነበሩ ጠያቂም አልነበረ። ነገሩ በአንድ መጽሔት ለሕዝብ የተገለጠው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በሜይ ወር 1995 ነው።

በዚያው ዓመት፣ ልክ አንድ ወር ቈይቶ፣ ዓለም ሌላ የሕንጻ ታሪክ ሰማ። ይህኛው መጨረሻው አላማረም።

በደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል ሳምፑንግ የተባለ ታላቅ የገበያ ሕንጻ ነበረ። ሥራው በ1987 ሲጀመር የታሰበው ለሌላ አገልግሎት ነበረ፤ ባለቤቱ ሊ ጁን ግን በመካከሉ የገበያ አዳራሽ እንዲሆን አዘዘ። ገበያ ሰፊ ቦታና የኤሌክትሪክ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ለደረጃው ስፍራ ለማስለቀቅ አንዳንድ ምሰሶዎች እንዲነሡ ተደረገ። ሥራ ተቋራጩ ይህን አልሠራም ቢል ተሰናበተና ሌላ ተተካ። አስተውሉ፤ ወለሉ ቢም የሌለው፣ በቀጥታ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ ያረፈ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነበረ። በእንዲህ ያለ ቤት ምሰሶ ሲጎድል ሸክሙን ተቀብሎ ለጎረቤት የሚያስረክብ አግዳሚ የለም። የቀሩትም ምሰሶዎች 80 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖራቸው ሲገባ 60 ብቻ ሆኑ፤ በውስጣቸው ያለውም ፌሮ ተቀነሰ። በዚህ ሁሉ ላይ ቀድሞ ያልታሰበ አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ፤ ከባድ ወለል ያላቸው ምግብ ቤቶችም ገቡበት።

በ1993 ደግሞ ጎረቤቶች በጩኸቱ ስለ ተማረሩ በጣራው ላይ ያሉት ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎች ወደ ሌላ ወገን እንዲዛወሩ ተደረገ። በማንሻ መኪና ተነሥተው መሄድ ሲገባቸው በጣራው ላይ ተጎተቱ፤ ያለፉበትም ኮንክሪት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ስንጥቁ ማደጉን አላቆመም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለ ቀን ነበረ፤ ሰሚ ግን አልተገኘም።

ጁን 29 ቀን 1995 ከጠዋት ጀምሮ በአምስተኛው ፎቅ ስንጥቁ ሲሰፋ ታየ። አስተዳዳሪዎቹ የላይኛውን ፎቅ ዘጉ፤ ስብሰባ ተቀመጡ። የታችኞቹን ፎቆች ግን አልዘጉም፤ የዕለቱን ገበያ ማጣት አልፈለጉምና። ገዥውም ሻጩም ምንም ሳያውቅ ዋለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሕንጻው ግማሽ ደቂቃ እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እስከ ምድር ቤቱ ወረደ። 502 ሰዎች ሞቱ፤ 937 ቈሰሉ። ባለቤቱ ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። የወደቀበትን ቀን የወሰነው ስንጥቁ ነው፤ ለመውደቅ የተዘጋጀው ግን ገና ሲሠራ ነበር፤ «ምሰሶው ይነሣ» ሲባል «ሸክሙስ?» ያለው ሰው የተሰናበተ ዕለት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ በሌሎች ለመፍረድ አፌ የማይከፈተው እኔም በትንሹ ያንኑ ስላደረግሁ ነው።

ከ20 ዓመት በፊት የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበርሁ። ከታች ቤተ መጻሕፍት፣ ከላይ ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ያሉት ቤት ነበረን። በቤተ መጻሕፍቱ መካከል የቆመ አንድ የብረት ምሰሶ ነበረ። የወላጆች ቀን በቀረበ ጊዜ ስፍራው አዳራሽ እንዲሆን ወሰንን፤ ምሰሶው መድረኩን ይጋርድ ነበርና። አንድ ሠራተኛ ተቀጠረ። ቢም መጣ፤ ከጣራው ሥር ገባ፤ ጫፍና ጫፉ ተበየደ። ለዓይን የሚያምር ሥራ ነበረ።

በትምህርት ቤቱ ጥገና የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ምሰሶው ሊቆረጥ በተዘጋጀበት ጠዋት መዶሻ ይዘው መጡና ቢሙን ቸብ አድርገው ጆሮአቸውን ሰጡ። ከዚያ ወደ እኔ ቀርበው፣ «መምህር፣ ይህ ብረት ገና ሥራ አልጀመረም» አሉኝ።

እኔ የአባቴን ቤት ማስታወስ ነበረብኝ። አላስታወስሁም። «አባቴ፣ ቅዳሜ እንግዶች አሉብን፤ ባለሙያው ያውቃል» ብዬ መለስሁላቸው። ከላይ ልጆቹ ፈተና ይፈተኑ ነበር። ይውጡ ብል ፈተናው ይበላሻል ብዬ ዝም አልሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያልሁ ስንት ዓመት ለልጆች ተርቼ ነበር!

ምሰሶው እንደ ተቆረጠ እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ሰማን። ቢሙ አልተሰበረም፤ ጎበጠ። ከላይ ግን ጩኸት ተነሣ። ከመስኮቱ ማዕዘን እስከ ጣራው ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር። ሮጬ ስወጣ የአንደኛው ክፍል በር በመቃኑ ውስጥ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ከውስጥ 50 ያህል ልጆች ነበሩ። በሩን በትከሻችን ስንገፋ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ ሽማግሌው፣ «ተዉ! አትግፉ!» ብለው ከለከሉን። ልጆቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ በኩል ወደ ሰገነቱ አወጣናቸው። በዚያን ጊዜ የቈጠርሁት የልጅ ቍጥር እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ያነቃኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ አልነበረም።

በኋላ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን አስለቀቀ። ወለሉን በድጋፍ ይዞ በብዙ ቀን ጥቂት በጥቂት አነሣው። ምድሩ ሲቈፈር ከሁለቱ ጎን ምሰሶዎች የአንደኛው መሠረት ለአዲሱ ሸክም የማይበቃ ጠባብ ሆኖ ተገኘ፤ ሰፍቶ ተሠራ። ከዚያ ቢሙን በክሪክ አስቀድሞ አጎብጦ ሸክሙን አስረከበው። በሩም ያለ ማንም ግፊት ተከፈተ።

ሽማግሌውን ፈልጌ፣ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልሰማሁዎትም» አልኋቸው።

«እኔን ምን አደረጉኝ?» አሉ። «በር የተዘጋባቸውን ልጆች ይጠይቁ።»

በማግስቱ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ቆሜ ለልጆቹ ያደረግሁትን ነገርኋቸው። ዲሬክተር ሆኜ ከተናገርሁት ሁሉ ያን ጠዋት የተናገርሁት አጭርም ከባድም ነበረ። የግድግዳው ስንጥቅ ሲደፈን ቀጭን መሥመሩ በቀለም እንዳይሸፈን ለመንሁ፤ ጡረታ እስክወጣም ድረስ በዚያ በኩል ሳልፍ አየው ነበር።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ነገ በየቦታው አሮጌ ምሰሶ ታገኛላችሁ። አንዱ በመሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን የኖረ አሠራር ነው፤ አንዱ በቤታችሁ ሁሉን የሚሸከም አባት ወይም እናት ነው። ምስጥ የበላው ምሰሶ አይነካ አልላችሁም፤ የአባቴም ቤት ምሰሶው ባይለወጥ ኖሮ በላያችን ይወድቅ ነበር። የምላችሁ ይህ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት የተሸከመውን ቍጠሩ፤ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍ ጠይቁ፤ ተተኪውን አሮጌው ገና ቆሞ ሳለ አሸክሙት። ተተኪ ስፍራውን መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ሥራ መጀመር አለበት። ከላይ ለሚኖሩትም ንገሩ፤ የሚፈርሰው በእነርሱ ላይ ነውና። «ገና አልጀመረም» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ተማሪም ቢሆን፣ መዶሻ የያዘ ሽማግሌም ቢሆን፣ ሥራውን አቁማችሁ ስሙት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ይህን ለማድረግ ሞክሬአለሁ። የመጨረሻውን ዓመት ቍልፉንና መዝገቡን ለተተኪዬ ሰጥቼ እኔ በጎኑ ባለው ወንበር ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ላይ ጎበጥ ብሎ ነበር፤ ሲቸግረው ይጠይቀኝ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የሚጠይቀኝ ነገር አጣ። ያን ጊዜ ሥራ መፍታቴን ዐውቄ ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ።